የባለሦስት ቀንዱ የጤና ወረቀት

የጋሽ ዱአሌን ሞት የነገረኝ ልጃቸው ሙስጠፋ ነው። ስልኩ ሲጠራ ሱቄ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ነበር። «እትዬ ነፊሳ፣ አባዬ ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ አረፈ» አለኝ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን ብዬ ሚዛኑን አስቀመጥኩ። ደንበኛዬ ስኳሯን ትጠብቃለች፣ እኔ ስልኩን ይዤ ቆሜአለሁ። ከዚያ ሙስጠፋ ጉሮሮውን ጠረገና «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» አለ። «ከአልጋው ሥር ሣጥን አገኘን። ውስጡ ቀንዳም አውሬ አለ፤ የፕላስቲክ ነገር። ከሥሩ የጤና ወረቀት ተቀምጧል፣ ማኅተም ያለው። ምስክር በሚለው ላይ ያንቺ ስም ነው። ምንድን ነው ነገሩ?»

እንባዬ ዓይኔ ላይ ከደረሰ በኋላ ሳቅ ቀደመው። ወላሂ፣ ደንበኛዬ ፊት ሳቅኩ። እሷም መርዶ ሰምታ የምትስቅ ሴት ከዚያ በፊት አይታ አታውቅ ይሆናል፣ ስኳሯን ሳትወስድ ውልቅ ብላ ሄደች።

ሙስጠፋ ባያውቅ አልፈርድበትም። ነገሩ ሲሆን እሱ ድሬዳዋ አያቱ ጋ ሆኖ ይማር ነበር፤ አባቱም ያልተጠየቁትን የሚያወሩ ሰው አልነበሩም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባል የለ? ያ አውሬ ሁለቱንም ይዟል። ጋሽ ዱአሌ በዚያ ወረቀት ምክንያት ማኅተማቸውን አጡ፤ ማኅተሙ ደግሞ እንጀራቸውም ክብራቸውም ነበር።

እኔ ከድሬዳዋ ሀርጌሳ የገባሁት ከተማዋ ገና ከፍርስራሽ በምትነሣበት ጊዜ ነው። ከሱብሒ ጀምሮ የሚሰማው መዶሻ ነው። ግማሹ ቤት ጣራ የለውም፣ ግማሹ ጣራ ግድግዳ የለውም። ያኔ መዶሻ ያልያዘ ጎልማሳ ካያችሁ ወይ ታሟል ወይ ኤክስፐርት ነው። እኔ በአየር ማረፊያው ዳር፣ ከእንስሳት ጤና ቢሮው አጠገብ፣ በሸራ ጥላ ሥር ሻይ እሸጥ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ቢሮውን እጠርጋለሁ። ቢሮ ስላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ የመርከብ ኮንቴይነር ነው፣ ሁለት መስኮት ተቀዶለታል። ከጀርባው በረት አለ። ወደ ወደብ የሚጫን ፍየልና በግ መጀመሪያ እዚያ በረት ገብቶ ጋሽ ዱአሌ ካላዩትና ወረቀቱ ላይ ማኅተም ካላሳረፉ መኪና ላይ አይወጣም።

ጠረጴዛቸው በር ነበር። ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታቸው በጦርነቱ ሲፈርስ ሳይሰበር የተገኘው የመኝታ ቤቱ በር ብቻ ነው፤ እሱን ሁለት በርሜል ላይ አጋድመው ይጽፉበታል። እጀታውን እንኳ አልነቀሉትም። ባለጉዳይ ክርኑን ሲያሳርፍበት እጀታው ይንቋቋል፣ ያኔ ቀና ብለው «ግባ ሳልልህ አትክፈት» ይሉታል። ሰውየው ቀልድ ይሁን ቁጣ ሳይገባው ክርኑን ያነሣል።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሒና የሚያቀሉ፣ በሽርጥ ላይ ኮት የሚደርቡ ሰው ነበሩ። ድሬዳዋ አድገው፣ ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምረዋል። ሶማሊኛ ለሰላምታ፣ እንግሊዝኛ ለቢሮ፣ አማርኛ ለቁጣ ነበር የሚያወጡት፤ እኔ አጠገባቸው ስለምሠራ አማርኛ አልጎደለብኝም። ሰው ሰላም ሲላቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጥርሱን ያያሉ፤ የሙያ ልማድ ነው። እኔን መጀመሪያ ቀን «ሃያ አራት ዓመትሽ ነው፤ የኋላው ጥርስሽ ሳይብስ ታከሚው» አሉኝ። ሁለቱንም አልተሳሳቱም።

አንድ አነጋገር ነበራቸው፤ በቀን አምስት ጊዜ ካላሉት ሶላት የጎደለባቸው ይመስላቸዋል። «ያላየሁትን አልጽፍም፣ የጻፍኩትን አልክድም።» ባለጉዳይ ሁሉ ይህን በቃሉ ያውቀዋል፣ ማንም ግን አያምነውም፤ ለሌላው እንጂ ለእኔ አይሠራም ይላል። ዓለም አላወቀንም እያለ የሚያማርር ሰው ሻይ ሊጠጣ ሲመጣ ደግሞ «ዓለም አንድ ቀን ቢሮ ይመጣል፤ ሲመጣ ወረቀታችን ትክክል ሆኖ ይጠብቀው» ይሉታል። ያ ሁሉ ትዕቢት ከአንድ ኮንቴይነር ነው የሚወጣው።

ለራሳቸውስ ቢሆን? አንድ ቀን ለወተት ብለው ፍየል ገዙ። ፍየሏ በረቱ ደጃፍ ላይ አንዴ ኡሁ ብላ ሳለች። አንዴ ነው፣ እኔም ሰምቻለሁ። ወዲያው ሃያ አንድ ቀን ተለይታ ትቆይ ብለው አስገቧት። ከዚያ በር ጠረጴዛቸው ፊት ቁጭ ብለው ለራሳቸው ደብዳቤ ጻፉ፤ ፍየልዎ መታገዷን እንገልጻለን የሚል። በማግሥቱ እንደ ባለቤት ሆነው የቅሬታ ማመልከቻ አስገቡ፤ ከሰዓት በኋላ እንደ መርማሪ ሆነው ቅሬታውን ውድቅ አደረጉት። ሃያ አንዱን ቀን ሙሉ ከእኔ ዘንድ ወተት የሌለው ሻይ እየጠጡ፣ የዚህ ቢሮ አሠራር ሰው ያስመርራል እያሉ አማረሩልኝ። እኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

በዚያን ጊዜ በረቱ ውስጥ ስድስት መቶ የሐጂ ቡልሃን ፍየሎች ታግደው ነበር። ሐጂ ቡልሃን ትልቅ ነጋዴ ናቸው፤ ፍየሎቹ ንፍጣቸው ይወርዳል፣ ዓይናቸው ያለቅሳል፣ መርከቡ ደግሞ ወደብ ላይ ይጠብቃል። ሐጂ ጉቦ የሚባል ነገር አያውቁም፤ የሚያውቁት ስጦታ ነው። አንድ ቀን ለጋሽ ዱአሌ ጥሩ ሬዲዮ አመጡላቸው። ጋሽ ዱአሌ አመስግነው ተቀበሉና «ከሐጂ ቡልሃን፣ ፍየሎቻቸው ታግደው ሳለ፣ አንድ ሬዲዮ ተቀብያለሁ» ብለው በሦስት ቋንቋ ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጠፉት። ሐጂ በነጋታው መጥተው ወረቀቱንም ሬዲዮውንም ይዘው ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ ጋሽ ዱአሌን የሚነቅሉበት ምክንያት ይፈልጉ ጀመር፤ እሱም በአውሮፕላን መጣላቸው።

ነገሩ የጀመረው ከጋሽ ዱአሌ ከራሳቸው ስህተት ነው። አንድ ሰው ፍየል በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ መኪና ውስጥ አስተኝቶ በግቢው በር አሳለፈ። ጋሽ ዱአሌ ሲሰሙ ተናደዱና ለዘበኛው ለወርሰሜ የትእዛዝ ደብዳቤ ጻፉለት፦ ከዛሬ ጀምሮ ቀንድ ያለው ማንኛውም ነገር ያለ እኔ ወረቀት ከግቢው አይወጣም። ወርሰሜ የቀድሞ ተዋጊ ነው፣ አንድ እግሩን ያነክሳል፣ ትእዛዝ ሲሰጠው ደስ ይለዋል። ደብዳቤውን አስነብቦ ሰማና አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ኢንጂነር፣ ውጭ አገር የኖረ የአገሩ ልጅ፣ በአውሮፕላን ገባ። ኢንጂነር ያልኩት እሱ ራሱ ስላለ ነው። አሥራ አራት ኪስ ያለው ሰደርያ ለብሷል፣ በአሥራ አራቱ ኪስ ውስጥ አንድ ምስማር የለም። የመጣው ስለ መልሶ ግንባታ አቅም ግንባታ ዎርክሾፕ ሊሰጥ ነው። ግድግዳ የሚሠሩት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ሆቴል ገብተው ግድግዳ እንዴት እንደሚሠራ ይሰማሉ ማለት ነው። ከዕቃው መሐል አንድ የካርቶን ሣጥን ነበር፣ ፊቱ ላይ ሥዕል አለው። ወርሰሜ ሥዕሉን አየ፣ ቀንዱን ቆጠረ፣ ሦስት ሆነበት። ሁለት ቀንድ ወረቀት ካስፈለገው ሦስቱማ እንዴት አያስፈልገው ብሎ ኢንጂነሩን ከነሣጥኑ እየነዳ ጋሽ ዱአሌ ፊት አቆመው።

ኢንጂነሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ተቆጣ። ይሄ ዳይኖሰር ነው አለ፤ ሰው ሳይፈጠር በፊት ምድር ላይ ይኖር የነበረና ዘሩ የጠፋ እንስሳ፣ ከእውነተኛው ሰላሳ አምስት ጊዜ አንሶ የተሠራ ሞዴል። መጫወቻ እንዳይመስላችሁ፣ ዓለም ላይ ያለው አምስት መቶ ብቻ ነው፣ ሰብሳቢዎች ናቸው የሚገዙት፣ እኔም ቤቴ የመስታወት መደርደሪያ አለኝ አለ። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው እንግዲህ። እኔ አፌ አያርፍ፣ ልጆችስ አሉህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እንዲነኩት አልፈቅድላቸውም አለኝ።

ጋሽ ዱአሌ የወርሰሜን ደብዳቤ ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የራሳቸውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቀንድ ያለው እንስሳ አላሉም፤ ቀንድ ያለው ነገር ነው ያሉት። ፊታቸው ጠቆረ። ስህተቱ የእኔ ነው አሉ፤ ትእዛዙን መቀየር እችላለሁ፣ የአለቃ ፊርማ ስለሚያስፈልገው ግን ሦስት ቀን ይፈጃል። ኢንጂነሩ ዎርክሾፑ ነገ ጠዋት ነው ብሎ ጮኸ፣ ሣጥኑንም እዚህ ሙቀት ውስጥ ጥዬው አልሄድም አለ። እንግዲያው ያለው መንገድ አንድ ነው አሉና የጤና ወረቀት ቅጽ ከፋይል መዘዝ አድርገው አወጡ። የምር መሆናቸውን ያወቅኩት ጥቁሩን እስክሪብቶ አውራ ጣታቸው ላይ ሲሞክሩት ነው።

ሣጥኑን ክፈት ሲሉት ኢንጂነሩ ሊያለቅስ ደረሰ። ከሣጥኑ ከወጣ ዋጋው ይወድቃል አለ። ጋሽ ዱአሌ በሣጥን ውስጥ ያለ እንስሳ ደህና ነው ብዬ አልጽፍም አሉት። ተከፈተ። እውነቱን ልናገር፣ ሳየው ደነገጥኩ፤ ቆዳው እንደ ደረቀ ወንዝ መሬት የተሰነጣጠቀ፣ አንገቱ ዙሪያ እንደ ጋሻ የቆመ አጥንት ያለው፣ አፉ የበቀቀን የሚመስል፣ ሁለት ረጅም ቀንድ ከግንባሩ፣ አንድ አጭር ከአፍንጫው። አሠራሩ ከመብዛቱ የተነሣ ዓይኑ የሚያይ ይመስላል። ጋሽ ዱአሌ ብድግ አድርገው ወደ መስኮቱ ወሰዱት፣ አገላበጡት፣ አፉ ውስጥ በክብሪት እንጨት ጫፍ ነኩ። ከዚያ ገና ማንም ሳይነግራቸው «ቅጠል በል ነው» አሉ። ኢንጂነሩ ካርቶኑን ሲያነብ እውነትም ቅጠል በል ይላል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ለዘብ አለ።

ቅጹን አንድ በአንድ ሞሉት። ቀንድ፦ ሦስት። ፆታ፦ ባለቤቱ ወንድ ነው ይላል፤ ሲመረመር አልታየም። ዕድሜ፦ ባለቤቱ ብዙ ነው ይላል። ምግብ፦ ጥርሱ የቅጠል በል ነው፤ ሲበላ አልታየም። ትንፋሽ፦ የለም። የታየበት በሽታ፦ የለም። ዘሩ በምን ሞቶ ጠፋ ብለው ጠየቁት። ኢንጂነሩ ከሰማይ ድንጋይ ወርዶ ነው የሚሉ አሉ አለ። ጋሽ ዱአሌ አሰብ አድርገው፣ ድንጋይ ተላላፊ አይደለም ብለው ወደ ቀጣዩ አለፉ።

የመጨረሻው ምስክር የሚለው ነበር። ወርሰሜ ያዡ ስለሆነ አይሆንም፤ ኢንጂነሩ ባለቤት ነው። የቀረሁት እኔ ነኝ። አውራ ጣቴን ወደ ቀለሙ ስዘረጋ እጄን መቱኝ። «ጣትሽ ምን አየ? ያየሽው አንቺ ነሽ፣ ስምሽን ጻፊ» አሉኝ። እንደማልችል አያውቁም ነበር። ስነግራቸው አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። እሳቸው ምንም አላሉም፤ እርሳስ አንሥተው በሩ ላይ፣ ከእጀታው አጠገብ፣ ነፊሳ ብለው በአማርኛ ጻፉ። ሦስት ፊደል። ከሥሩ እኔ ጻፍኩ፤ ተጣመመ። ደግሜ ጻፍኩ። ከዙህር ሶላት እስከ ዐስር ሶላት በሩን ሞላሁት። ሻይ የሚፈልግ ሰው እየመጣ «ትምህርት ላይ ናት» እየተባለ ይመለሳል።

ኢንጂነሩ ሰዓቱን እያየ ይንቆራጠጣል። ማንም ይፈርም አዴር፣ ምን ችግር አለው አላቸው፤ አዴር በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው። ይህንኑ ጥያቄ ሐጂ ቡልሃንም ጠይቀውኛል ብለው መለሱለት። ስሜን ወረቀቱ ላይ ስጽፍ ደግሞ ይሄ የዚህ አገር ጽሕፈት አይደለም አለ። ጋሽ ዱአሌ ቀና አሉ። «ያየችው በዓይኗ ነው፣ የጻፈችው በእጇ ነው። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ማኅተሙ ላይ እፍ አሉበትና መቱት። ከዚያ ቀን በፊት ስሜ የትም ወረቀት ላይ ተጽፎ አያውቅም፤ እኔ ራሴ የጻፍኩት ደግሞ ለዳይኖሰር ጤንነት ነው። ሌላው በትምህርት ቤት ይጀምራል፣ እኔ በዚህ ጀመርኩ፣ አልሐምዱሊላህ።

ኢንጂነሩ ዝም ብሎ ቢሄድ ኖሮ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ሆቴሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከተማው ሁሉ እያነበበ ሳቀ። ዎርክሾፑ ላይ ሰው የነቃው ወረቀቱ የተነበበ ጊዜ ብቻ ነው አሉ። ሐጂ ቡልሃን ግን መጥተው አነበቡ፣ አልሳቁም፤ አንድ ኮፒ ወስደው በቀጥታ ወደ አለቆቹ ሄዱ። ስድስት መቶ ፍየሎቼን አሥራ አንድ ቀን ያገደብኝ፣ ፕላስቲክ ደህና ነው ብሎ ማኅተም የሚመታ ሰው ነው አሉ። አእምሮው የሄደ ሰው የአገር ማኅተም ይያዝ?

ሦስት ሰዎች ኮሚቴ ሆነው መጡ። ኮንቴይነሩ ውስጥ፣ በሩ ዙሪያ ተቀመጡ፤ እኔ ሻይ አቀረብኩና ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ሰማሁ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ፤ ትንፋሽ የለም የሚለው ላይ ሲደርስ ራሱም ሳቁን መያዝ አቃተው። ጋሽ ዱአሌ እስኪጨርስ ጠበቁ።

«ከዚህ ውስጥ አንድ ውሸት አሳዩኝ፤ ማኅተሙን ራሴ አስረክባችኋለሁ» አሉ።

ሦስቱም አጎንብሰው ፈለጉ። የምራቸውን ፈለጉ። አንደኛው በመጨረሻ ውሸት የለበትም፣ ግን ያስቃል አለ።

«የሐጂ ቡልሃንን ፍየሎች ደህና ናቸው ብዬ ብጽፍ አያስቅም ነበር» አሉ ጋሽ ዱአሌ። «ውሸት ግን ይሆን ነበር። የትኛውን ነው የምትፈልጉት?»

ሻዩ ቀዘቀዘ። ሰብሳቢው «ማኅተምን ተገቢ ላልሆነ ነገር መጠቀም» የሚል ሐረግ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ አመጣው። ማኅተሙን ያስረክቡ ተባሉ። ጋሽ ዱአሌ እሺ አሉ፤ መዝገቡን ገልጠው፣ እስክሪብቶውን አዘጋጅተው፣ ተረካቢው ማን ነው፣ ይፈርም አሉ። ሦስቱ ተያዩ። ፍየሎቹ በረት ውስጥ ሲያስሉ እዚያው ድረስ ይሰማል፤ ነገ አንድ ነገር ቢመጣ ስሙ እዚያ እንዲገኝ የፈለገ አልነበረም። አንዱ ማኅተሙን አንሥቶ ኪሱ ከተተና ወጡ። ጋሽ ዱአሌ መዝገቡ ላይ «ማኅተም፦ ሄዷል። ተረካቢ፦ ያልታወቀ» ብለው ጻፉና ቀኑን አሰፈሩ። ከዚያ በሩን ከበርሜሎቹ ላይ አንሥተው በወርሰሜ ጀርባ አሸክመው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሩን በእርሳስ የሞላው የእኔ ስም ነበር። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ ሰው ምን ይለኛል አላልኩም።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ የአገሬ ሰዎች። ጋሽ ዱአሌ ሳይበሉ ተሻሩ፣ ግን በዚህ ሲቆጩ አላየሁም። የሚቆጫቸው ያ የተረካቢው ፊርማ ነበር።

አዲሱ ሹም የፍየሎቹን ጥርስ ማየት ቀርቶ ከወንበሩ አልተነሣም። ሻዬን እየጠጣ ስድስት መቶውን በአንድ ቀን ማኅተም በማኅተም አደረገው። መርከቡ ሄደ። የባሕሩ ማዶ ሐኪሞች ግን ጥርስ ማየት ያውቁ ኖሯል፤ መርከቡን ከነፍየሉ መለሱት። የሞተው ባሕር ላይ ቀረ፣ የተረፈው በሽታውን ይዞ ገባ። ከዚያ ለወራት የማንንም ፍየል የሚገዛ ጠፋ። ሐጂ ቡልሃን ሌላ ንግድ ጀመሩ። አምስትና ስድስት ፍየል ከሩቅ ነድተው የሚያመጡት አርብቶ አደሮች ግን በረቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ይውሉ ነበር፤ ሻይ በነፃ ስሰጣቸው ቀና ብለው እንኳ አያዩኝም።

ያኔ ነው ኮሚቴው ጋአን ሊባህ ድረስ ሄዶ ጋሽ ዱአሌን ይመለሱ ብሎ የለመነው። እመለሳለሁ አሉ፤ መጀመሪያ ግን ማኅተሙን የወሰደው ሰው መውሰዱን ይፈርም። ሦስቱም ዳግመኛ ተያዩ። ሌላ ቀን እንመጣለን ኢንሻአላህ ብለው ሄዱ። እስከዛሬም አልመጡም።

የመጣው ኢንጂነሩ ነው። ጁምዓ ቀን ነበር፣ እኔ ልጠይቃቸው ሄጄ እዚያው ተቀምጫለሁ። ሰደርያውን አልለበሰም፣ ሣጥኑን አቅፏል። እንደገባ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠውና «አዴር፣ ቀልድ መስሎኝ ነው» አለ። ጋሽ ዱአሌ እንደ ልማዳቸው ጥርሱን አዩት።

«አንተ ቀለድክ፣ ወረቀቱ አልቀለደም» አሉት። «ቁጭ በል፤ እንስሳውን ልትሰጠኝ ከሆነ የባለቤት ለውጥ እንጻፍ።»

ጻፍን። ከሣጥኑ ከወጣ ዋጋው ይወድቃል ብሎ ሊያለቅስ ደርሶ የነበረ ሰው ያን ቀን ስለ ዋጋው አላነሣም። እኔም ለሁለተኛ ጊዜ ፈረምኩ፣ አሁን ግን ሳይጣመምብኝ። የቀሩትን ፊደሎች እሳቸው ናቸው ያስቆጠሩኝ፤ በየጁምዓው፣ በዚያው በር ላይ።

ከዚያ ጋሽ ዱአሌ በዓመት አንድ ጊዜ ዳይኖሰሩን አውጥተው ይመረምሩት ነበር። ለምን ስላቸው የጤና ወረቀት ዕድሜ ልክ አይሠራም አሉኝ። ወረቀቱ ጀርባ ላይ አንድ መስመር ይጽፋሉ፣ እኔን ያስጠራሉ፣ አይቼ እፈርማለሁ፣ ሻይ ጠጥተን እንስቃለን። መጀመሪያዎቹን ዓመታት ሄድኩ። ኋላ ሱቅ ከፈትኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። ሲያስጠሩኝ ነገ እላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እላለሁ። ከዚያ ማስጠራቱን ተዉ። እኔም ሳይጠሩኝ እንደተገላገልኩ ቆጠርኩት፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ልደርስ፣ ስሄድ ሙስጠፋ ጓዳ አስገባኝና ሣጥኑን ከፈተው። ጢሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል፤ ቁመቱ የአባቱ ነው። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ስሜ አለ። ከዚያ በኋላ ሰባት መስመር ተከትሏል፣ ሁሉም በአማርኛ፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ፦ ደህና ነው፣ ማኅተም የለም። የምስክሩ ቦታ ሰባቱም ላይ ባዶ ነው። ልጃቸውን፣ ጎረቤታቸውን፣ ማንንም አላስፈረሙበትም። ቀድሞ የቢሮውን ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰው ያን ሰባቱን በአማርኛ የጻፉት እኔ መጥቼ እንዳነብ ነው። የመጨረሻው መስመር ይንቀጠቀጣል። «መርማሪው ታሟል። እንስሳው ደህና ነው» ይላል።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሙስጠፋ ጨነቀው። «በቃ ፈርሚባቸውና ይለቅልሽ፤ አባዬም ደስ ይለዋል» ብሎ እስክሪብቶ ሰጠኝ። አይሆንም አልኩት። ሰባቱን ጊዜ አልነበርኩም፤ ያላየሁትን እንዴት ብዬ።

እንባዬን ጠረግኩና ዳይኖሰሩን ብድግ አድርጌ ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። አገላብጬ አየሁት። ከሥር በቀረችው አንዲት መስመር ላይ ጻፍኩ፦ ቀንድ፦ ሦስት፤ የግራው ጫፍ ተፍቋል። ትንፋሽ፦ የለም። የታየበት በሽታ፦ የለም። ማኅተም፦ የለም። ባለቤት፦ ሙስጠፋ ዱአሌ። መርማሪ በሚለው ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ነፊሳ ብዬ ፈረምኩና እስክሪብቶውን ለሙስጠፋ ዘረጋሁለት። ባለቤት ምስክር እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ግን ከእሱ ሌላ ማንን ላምጣ? ፈገግ አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ ልፈርም ብሎ ጎንበስ ሲል እጁን መታሁት።

«መጀመሪያ እየው» አልኩት። «ጥርሱን።»

መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገና፣ ዳይኖሰሩ ፊት ተንበረከከ።